ሱቅ ውስጥ ያለ የመሰለው ቴሌቪዥን

ዲሽ ስተክል አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ብዙ ጊዜ ችግሩን በስልክ ነው የማውቀው። ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ከዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ውሃ ገብቶበታል፤ ንፋስ ከነበረ ዲሹ ዞሯል። ይህ ልምድ ነው ጉድ የሠራኝ።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያሉ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ በየመሃሉ ቦግ እያለ ዓይኔን አጠፋው። ስናደበዝዘው ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል።» ልጃቸው የገዛላቸው ባለ 55 ኢንች አዲስ ስማርት ቲቪ ነው። እኔ ገና ሳላየው «ሲግናል ነው እማማ» አልኩ።

በቀጥታ ጣራ ላይ። ዲሹ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት ኢትዮሳትን በትክክል ይዟል፤ የሲግናል ኳሊቲው ምንም አልጎደለውም። ደህና መሆኑን በዓይኔ እያየሁ ኤልኤንቢውን ቀየርኩት! ወርጄ ሪሲቨሩን ከቲቪው የሚያገናኘውን የኤችዲኤምአይ ገመድ ቀየርኩ። የራሴን ሪሲቨር አምጥቼ ሰካሁ። አሁንም ቦግ።

እማማ ቡና አቀረቡ። አቦሉን ይዤ ስተክዝ ከስክሪኑ ሥር አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ቴሌቪዥኑ ስለ ምስል ጥራቱ፣ ስለ 4ኬ፣ ስለ ኤችዲአር ራሱን ያሞግሳል። የልጅ ልጃቸው «ይሄ እኮ ሱቅ ውስጥም እንዲህ ይል ነበር» አለ።

ነገሩ ይኸው ነው። አዲስ ቲቪ መጀመሪያ ሲከፈት «ቤት ነኝ ወይስ ሱቅ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሰው «ሱቅ» የሚለውን ነክቷል። በሱቅ ሞድ ቴሌቪዥኑ ከጎኑ ከተደረደሩት ጋር ስለሚፎካከር ብርሃኑን እስከ ጥግ ይለቃል፤ ያስተካከልከውንም ከደቂቃዎች በኋላ ይሽረዋል። ቤት ውስጥ ማን ሊገዛው እንደሆነ እንጃ! ከሴቲንግ ገብቼ ወደ ቤት ቀየርኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

«ፊልሙስ ለምን እንደ ድራማ ይንሸራተታል?» አሉኝ። ዓይናቸው አያልፍም። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። አዲሶቹ ቲቪዎች ማንም ሳያዛቸው በመሃል ምስል ፈጥረው ይጨምራሉ፤ መንሸራተቱ ከዚያ ነው። ስሙም ወጥ አይደለም፤ ሶኒ ሞሽንፍሎው፣ ኤልጂ ትሩሞሽን ይሉታል። በየሜኑው ስንት ጊዜ ፈልጌዋለሁ መሰላችሁ። እሱንም አጠፋሁላቸው።

አሁን ስልክ ሲመጣ መጀመሪያ የምለው «ሪሲቨሩን ያጥፉትና ይዩት» ነው። ያለ ሪሲቨርም ካስቸገረ መሰላል አልሸከምም።

እማማ «ስንት ልክፈል?» ሲሉኝ አፈርኩ። አሮጌው ኤልኤንቢ እኮ ምንም አልሆነም። መልሼ ልገጥመው ጣራ ላይ ወጣሁ። ከታች «ደግሞ ምን ሆነ ልጄ?» ይላሉ።