«ቴክ ኦፍ» ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ

ዘጌ ላይ ማስጎብኘት ስጀምር በቀን ደጋግሜ የምላት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር «ፕሊዝ፣ ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ነበረች። ዑራ ኪዳነ ምሕረት በጫማ አይገባም። ስለዚህ ለእኔ «ቴክ ኦፍ» ማውለቅ ነበር፤ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አላሰብሁም።

አንድ ቀን አንዲት አዛውንት እንግዳ የመቅደሱን ሥዕሎች አይተው ሲወጡ፣ ጫማቸውን ተጫምተው፣ ቀና ብለው ደመናውን አዩና «ዊ ሹድ ቴክ ኦፍ» አሉኝ። ግራ ገባኝ። ከእንግዲህ ማውለቅ አያስፈልግም ብዬ ላስረዳቸው ስሞክር በእጃቸው ወደ ጀልባው አመለከቱኝ። እንነሣ ማለታቸው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲበረታ ጣና ይናወጣል። በመንገድ ላይ ከባሕር ዳር በኩል አውሮፕላን ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ያችኑ ቃል ደገሟት።

ማታ ነገሩን የፈታልኝ የራሳችን «ተነሣ» ነው። አውሮፕላን ይነሣል፤ መንገደኛም ይነሣል። ጫማ፣ ኮት ወይም ባርኔጣ ከተጠራ አወለቀ ነው፤ ምንም ካልተጠራ ተነሣ ብዬ እጀምራለሁ። ንግድ «ቴክ ኦፍ» አደረገ ሲባል ደግሞ እኛ «ደራ» እንላለን። «ቴክ ኤ ዴይ ኦፍ» ከሥራ አንድ ቀን ማረፍ ነው፤ «ቴክ ቴን ብር ኦፍ» ከዋጋው 10 ብር መቀነስ። «ኦፍ» ውስጥ መላቀቅ አለ፦ ጫማ ከእግር፣ ጎማ ከመሬት፣ ሠራተኛ ከሥራ፣ ብር ከዋጋ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። «ሹዝ» ከ«ኦፍ» በፊትም በኋላም ይቆማል፤ «ዜም» (እነርሱን) ብለን ስንተካው ቦታው መሐል ብቻ ነው፦ «ቴክ ዜም ኦፍ»። «ቴክ ኦፍ ዜም» ስሕተት ነው። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ እያልሁ ስናገር አንድም እንግዳ አላረመኝም፤ የምፈልገው ስለገባቸው ያልፉኝ ነበር። አዲስ የገቡት አስጎብኚዎች እንደዚያ እንዲታለፉ አልፈልግም። ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው የቡና ጥላ ሥር እየሄድን ጮክ ብለን እንለማመዳለን። የነገው ተራ የ«ፑት ኦን» ነው፤ ጫማ መጫማት፣ መብራት ማብራት፣ ክብደት መጨመር።