ያልጨረስኳቸው ኮርሶች

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የተመዘገብኩባቸውን የኦንላይን ኮርሶች ቆጠርኩ። 11 ናቸው። የጨረስኩት አንድ። ሌሎቹ 12 በመቶ፣ 4 በመቶ ላይ ቆመው ያፈጡብኛል። አንዱንማ ለምን እንደተመዘገብኩበት ረስቼዋለሁ። ነጻ ነዋ! ከፍዬበት ቢሆን ገንዘቤ ያንገበግበኝ ነበር።

ነገሩ ሲጀመር ሕልም ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሴባስቲያን ትራንና ፒተር ኖርቪግ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጡትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት በኢንተርኔት ለዓለም ሲከፍቱት 160 ሺህ ገደማ ሰው ተመዘገበ። በዓመቱ ኮርሴራና ኢድኤክስ የሚባሉት የኦንላይን ኮርስ መድረኮች መጡ። ኢድኤክስ ሥራ በጀመረበት የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ 155 ሺህ ያህል ሰው ተመዝግቦ ሰርተፊኬት ያገኘው 7,157 ነው። አምስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህን ሳይ፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ተጽናናሁ። ደግሞ 7 ሺህ ተማሪ ቀላል ነው እንዴ? አንድ መምህር ዕድሜውን ሙሉ ቢያስተምር ያን ያህል ላያሳልፍ ይችላል።

በዚያ ኮርስ ሙሉ ውጤት ካመጡት 340 ሰዎች አንዱ የ15 ዓመት የሞንጎሊያ ልጅ ነበር። በኋላ ኤምአይቲ፣ ታዋቂው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ገባ። ታሪኩ ሲወራ ልጁና ኢንተርኔቱ ብቻ ይጠቀሳሉ። ግን ኮርሱን ወደ ትምህርት ቤቱ ያመጣው ርዕሰ መምህሩ ነው፤ እሱ ራሱ የኤምአይቲ ምሩቅ ነበር። ከአሜሪካ የላብራቶሪ ዕቃ ሸክፎ ሄዶ ከተማሪዎቹ ጋር የሠራ ሰውም ነበር። እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው።

ምክንያቱም የእኔም አንዲት ኮርስ ያለቀችው እንደዚያ ነው። ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር አብረን ጀመርን። እሁድ እሁድ ማታ ትደውልና "የት ደረስሽ?" ትለኛለች። ሰላምታ እንኳ የላትም። ሐሙስ ሲደርስ ሆዴ ይባባ ጀመር። አራተኛው ሳምንት ላይ ላቆም ነበር፤ ኮዱ አልሠራ አለኝ። ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት ተጣድን። ጥፋቱ አንዲት ባዶ ቦታ ሆና ተገኘች። አንዲት መስመር አንድ ፊደል ያህል ወደ ውስጥ ገብታ! የአስተማሪው ፊት ዛሬ ትዝ አይለኝም። የእሷ ሳቅ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሌሎቹ ኮርሶች "በሚመችሽ ጊዜ" የሚሉ ናቸው። የሚመች ጊዜ መቼ መጥቶ ያውቃል? ብቀር "የት ጠፋሽ?" የሚል የለም። ኢሜይል ይልካሉ፣ እሱን ደግሞ ሳልከፍት አጠፋዋለሁ።

ሌላም ጣጣ አለው። ቋንቋው ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንዱን ቪዲዮ ሁለቴ አያለሁ፤ አንዴ ለቋንቋው፣ አንዴ ለትምህርቱ። ነጻ የሚባለውም አሁን አሁን ብዙ ቦታ ማየት ብቻ ሆኗል። ሰርተፊኬት ካልሽ ክፈይ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዘጠኙን ሰረዝኳቸው። ካልጨረስኳቸው የስታቲስቲክሱን ኮርስ ብቻ አስቀረሁ። ከዚያ ለጓደኛዬ "እሁድ ማታ ትደውይልኛለሽ?" ብዬ ጻፍኩላት።

"ደግሞ የቱን ልትጀምሪ ነው?" አለችኝ።