የወጣ ታይሮይድ መልሶ ይበቅላል?

እህቴ በካንሰር ምክንያት ታይሮይዷ፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ እጢ፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ፓፒላሪ የሚባለው፣ ከታይሮይድ ካንሰር ሁሉ በብዛት የሚታየው ዓይነት ነበር። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ከዚያ ስልኳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ደረሳት፦ «በስቴም ሴል ታይሮይድዎ ዳግም ይበቅላል»። ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል ነው። ዋጋው በዶላር ነው። «እስኪ አንተ አንብብልኝ» ብላ ላከችልኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዤ ገባሁ፦ ይኼ ነገር የተሠራው በማን ላይ ነው? በላብራቶሪ ሳህን፣ በአይጥ ወይስ በሰው? ይቺ ጥያቄ ግማሹን ወሬ ታራግፋለች።

ወሬው ሥር አለው። በ2012 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ውስጥ የሳቢን ኮስታግሊዮላ ቡድን በአይጥ ፅንስ ስቴም ሴሎች ውስጥ ኤንኬኤክስ2-1 እና ፓክስ8 የተባሉ ሁለት ጂኖችን ለጊዜው ቀሰቀሰ። ሴሎቹ እንደ ጤነኛ ታይሮይድ ክብ ክብ ከረጢት ሠርተው ሆርሞን አመረቱ። ታይሮይድ የሌላቸው አይጦች ኩላሊት ላይ ሲተከሉ ሆርሞኑ ደማቸው ውስጥ ተመለሰ። ኩላሊት ላይ! መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ለካ ሆርሞን ደም ውስጥ ይግባ እንጂ ከየት እንደመጣ ግድ የለውም። በ2022 ያው ቡድን ነገሩን በሰው ሴል ደገመው፤ የተተከለው ግን አሁንም አይጥ ላይ ነው።

ካንሰር ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ታይሮይዱ ከወጣ በኋላ ሐኪሞች ታይሮግሎቡሊን የሚባል ፕሮቲን በደም ይለካሉ። የሚሠራው የታይሮይድ ሴል ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ካንሰሩ ተመልሶ ይሆናል ብለው ይነቃሉ። አዲስ ታይሮይድ ቢበቅልላት ይኼ ማንቂያ ደወል ዋጋ አይኖረውም። ማስታወቂያው ይቺን አያነሳም።

የእህቴ ኪኒን ሌቮታይሮክሲን ነው፤ የጎደለውን ሆርሞን ይተካል። ጠዋት በባዶ ሆድ ትውጠዋለች። ካልሲየሟን አራት ሰዓት አራርቃ ትወስዳለች። የከበዳት ቡናው ነው፤ ጀበናው ሸትቷት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ አለባት።

በመጨረሻ ለማስታወቂያው ባለቤቶች ራሷ ጻፈችላቸው፦ «ስንት ሰው ላይ ሠራችሁ? ውጤቱስ የት ታተመ?» መልሱ ቶሎ መጣ። ዛሬ ከተመዘገበች ቅናሽ አለ አሏት።