የኪንግ ቀን በሥራ ሲከበር

ዛሬ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ታጋይ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ለችግረኛ ቤተሰቦች ምግብ ስናሽግ ዋልን። የእኔ ድርሻ የባቄላ ቆርቆሮዎችን ቀናቸውን እያየሁ መለየት ነበር። አጠገቤ የቆሙት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ግን ጠርዙ የተጨረመተውን ሁሉ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ወደ ጎን ያደርጉታል። «ለልጆቼ የማልሰጠውን ለሰው ልጆች አልሰጥም» አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳሉኝ!

ብዙዎቻችን ይህን ቀን የምናውቀው በእረፍትነቱ ነው። መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ሰው በነጻ ሌላውን የሚያገለግልበት የአገልግሎት ቀን የሆነው ግን በ1994 በወጣ ሕግ ነው። ሕጉን ያመጡት ሴናተር ሃሪስ ዎፎርድና ከኪንግ ጎን ቆመው የታገሉት የምክር ቤት አባል ጆን ሉዊስ ናቸው። ዎፎርድ ደግሞ ለእኛ ባዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ተቀምጠው፣ ፒስ ኮር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የላካቸውን በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ይመሩ ነበር። የስንቶቻችን ወላጆች በእነዚያ አስተማሪዎች እጅ ተምረዋል! ይህን ዛሬ አብረውን ለሚያሽጉት ወጣቶች ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው ሰሙኝ።

ለከርሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ በእናታችሁ። ካርቶን መዘርጋትና ፕላስተር መለጠፍ ለእነሱም አይከብድም።