ዛሬ ማታ ውጊያ የለም

ዛሬ መዋጋት አላሰኘኝም። ቀኑ እንዴት እንደዋለ ታውቁታላችሁ፣ ያ የስራው ጉዳይ አሁንም እዛው ነው ያለው፣ እሱን አላነሳውም። ብቻ ማታ ላይ ኤልደን ሪንግ የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ከፈትኩና ፈረሴን ጠርቼ ዝም ብዬ መጋለብ ጀመርኩ፣ ሊምግሬቭ ውስጥ፣ ጌሙ መጀመሪያ የሚያወጣችሁ ያ ለምለም ሀገር ላይ። ዝናብ ይዘንባል፣ ያ ግዙፍ የወርቅ ዛፍ ከሩቅ ያበራል፣ ድሮ እያባረሩ ይገድሉኝ የነበሩት ወታደሮች አጠገብ እያለፍኩ እሄዳለሁ። ወንድሜ "አሁን ምን እያደረግሽ ነው?" ሲለኝ "እያየሁ" አልኩት። ሌላ መልስ አልነበረኝም፣ እያየሁ ነበር።

እንደዛ ስዞር ጫካው ውስጥ ያለው የድንጋይ ቤት ጋ ደረስኩ፣ ሊፍቱ ያለበት። የተጫወታችሁ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ስገባበት የሆነች ትንሽ ምድር ቤት ናት፣ አንድ ሳጥን ከፍቼ እመለሳለሁ ብዬ ነው። ሊፍቱ መውረድ ጀመረ። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አሁን ይቆማል ስል አሁንም ይወርዳል፣ ጌሙ ተበላሸ እንዴ እስክል ድረስ። ከዛ ቆመና ወጥቼ ትንሽ ወደፊት ስሄድ ቀና አልኩ፣ ሰማይ አለ። መሬት ስር ሰማይ፣ ከዋክብቱ የፈሰሱበት፣ ከስሩ ወንዝ፣ ትልልቅ ፍርስራሾች። ማፑን ስከፍት ከማውቀው ማፕ ስር ሌላ ማፕ አለ። ኮንትሮለሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንደዚህ ያስደሰተኝ ነገር በቅርብ ትዝ አይለኝም፣ ይሄን ስል ደግሞ አላፍርም፣ ትልቅ ሰው ሆኜ በጌም መደሰቴን የምደብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ዋናው ነገር ማንም "ሂጂ እይው" አለማለቱ ነው። ኤልደን ሪንግ ውስጥ የስራ ዝርዝር የለም፣ መንገዱ ላይ የተሰመረ ቀስት የለም። ግሬስ የሚባለው ማረፊያ ብርሃን ጋ ስታርፉ ቀጭን የብርሃን ጭረት ወጥታ በዚህ በኩል ነው ትላለች፣ በቃ። ሰዎች ስለከባድነቱ ብቻ ያወራሉ፣ ከባድ ነው በርግጥ፣ ቀላል የሚባል ምርጫም አልተሰጠንም። ማርጊትን አስቡት፣ ቤተመንግስቱ በር ላይ የሚጠብቀውን ቦስ፣ ማለትም ትልቅ ጠላት። ዱላውን ወደላይ ያነሳል፣ አሁን ነው ብዬ ለማምለጥ እንከባለላለሁ፣ እሱ ግን ገና አላወረደውም፣ እዛው አየር ላይ ይዞት ይጠብቀኛል፣ ተንከባልዬ ስነሳ ያሳርፍብኛል። ኮንትሮለሩን የሚጫነው እጄ ሳይሆን ፍርሀቴ እንደሆነ ያወቅኩት እዛ ነው፣ አይኔን ዱላው ላይ አድርጌ መታገስ ነበረብኝ። ግን ደግሞ ጌሙ እዛ በር ላይ አላሰረኝም፣ ትቼው ወደ ደቡብ ሄድኩ፣ ዋሻ ለዋሻ ዞርኩ፣ ሌቨሌን አሳደግኩ፣ ስመለስ ያው ማርጊት ነው ግን እኔ ሌላ ነኝ። እና ለኔ ከባድነቱና ነጻነቱ አይነጣጠሉም። ዝም ብሎ ቢያሳልፈኝ ኖሮ ወደዛ ደቡብ ለምን እሄዳለሁ?

ይሄን እያሰብኩ ሚያዛኪ ትዝ አለኝ፣ የጌሙ ዳይሬክተር ሂደታካ ሚያዛኪ። ልጅ ሆኖ ቤተሰቦቹ መጽሐፍ የመግዛት አቅም ስላልነበራቸው ከቤተመጻሕፍት እየተዋሰ ያነብ ነበር፣ አንዳንዱ መጽሐፍ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ የማይገባው ቦታ ላይ ሲደርስ በስዕሎቹ እየታገዘ የጎደለውን ራሱ በሀሳቡ ይሞላው እንደነበር ተናግሯል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ጌሙን የማይበት አይን ተቀየረ። ታሪኩ ለምን እንደዛ ተበጣጥሶ፣ ግማሹ ዕቃ ላይ ግማሹ ግድግዳ ላይ እንደተበተነ ገባኝ። ያኔ ለሱ የደረሰውን ነው ለኛ የሰጠን።

ራዳን የሚባለው ቦስ ላይ የሆነው እንደዛ ነው። መጀመሪያ ሲታይ ያስቃል፣ ተራራ የሚያህል ጀነራል የከሳች ትንሽ ፈረስ ላይ ተቀምጦ። እኔም ስቄያለሁ። ካሸነፍኩት በኋላ ግን ከሱ ያገኘሁትን ዕቃ ከፍቼ ስሩ ያለውን ጽሁፍ ሳነብ፣ የስበት አስማት የተማረው በወጣትነቱ እንደሆነና የተማረውም ያቺን የሚወዳትን ፈረስ እንዳይተዋት ብሎ እንደሆነ ይላል። ሁለት አረፍተ ነገር። ማንም አላወራልኝም፣ ሙዚቃ አልተከፈተልኝም፣ ዕቃውን ሳልከፍት ብሸጠው ኖሮ ያልፈኝ ነበር። ትልቅ ሆኖ፣ አእምሮው ተበልቶ፣ ወዳጅ ጠላት መለየት ትቶ፣ ፈረሷን ግን አልተዋትም። ከዛ በኋላ ያንን ቀይ ሰማይ ያለበትን ሀገሩን ሳይ ሁሌ ሆዴ ይላወሳል።

ግን እኮ ሙሉ በሙሉ ብቻችሁን አይደላችሁም፣ እሱም ደስ ይላል። መሬት ላይ ሌሎች ተጫዋቾች የተዉት መልእክት አለ፣ በራሳችሁ ቃል መጻፍ አይቻልም፣ የተዘጋጁ ቃላትን እየገጣጠማችሁ ነው። "ከፊት ጠላት አለ"፣ "ከፊት ድብቅ መንገድ አለ"። ገደል አፋፍ ላይ ዝለል የሚል ውሸታምም አይጠፋም። ይሄ ሀሳብ ከየት እንደመጣ ሚያዛኪ ሲያወራ፣ አንድ ጊዜ በረዶ ላይ አቀበት እየነዳ ከፊት ያሉት መኪኖች ተንሸራተው ቆሙ፣ ከኋላ ያለው የፊቱን እየገፋ ተያይዘው ወጡ። እሱም ተገፍቶ ወጣ፣ አመሰግናለሁ ለማለት እንኳን አልቆመም፣ ቢቆም መልሶ ይያዛል። ቤቱ እየሄደ ግን የመጨረሻው ሰውዬ ወጥቶ ይሆን እያለ ያስብ ነበር። ይሄን ነው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የቀድሞ ጌሙ ዲመንስ ሶልስ ውስጥ ያስገባው፣ በ2022 ኤልደን ሪንግም ላይ ያው አለ።

አንድ ቀን ቦስ ጋ ገጥሜ ደሜ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በድንገት ሞላልኝ። ምንም አልጠጣሁም። ለካ የሆነ ቦታ ያለ ሰው እኔ የጻፍኩትን መልእክት ጥሩ ነው ብሎ ነካው፣ መልእክታችሁ ሲወደድ ደማችሁ ይሞላል። ያ ሰው በዛች ሰከንድ ምን እንዳደረገልኝ አያውቅም። እኔም የት እንዳለ አላውቅም። ደግሞ አሸነፍኩ፣ ቦሱን።

እና አሁን አንዲት ጓደኛዬ ጌሙን ጀምራለች። ገና መግቢያው ላይ ናት፣ ያ ባለወርቁ ፈረሰኛ ሁለቴ ገድሏት ተናዳለች። ቅድም "ወዴት ልሂድ?" ብላ ቴክስት አደረገችልኝ። ጽፌ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ሊፍቱን እኔ ያገኘሁት ማንም ሳይነግረኝ ነው፣ ቀድሜ ብሰማ ኖሮ ያ መውረድ እንደዛ ይረዝምብኝ ነበር? በሌላ በኩል ደግሞ ስንት ቦታ ላይ ያተረፈኝ የማላውቀው ሰው የጻፈው አንድ መስመር ነው። "ጫካው ውስጥ ገብተሻል?" ብቻ ብዬ ብልክላት መግፋት ነው ወይስ መቀማት?