መርጡለ ማርያም፦ ፍርስራሹን ያቆመው ኖራ

ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር የሚገኘውን የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ «የፖርቱጋል ቤተ ክርስቲያን» ማለት ታሪኩን ያሳጥረዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እዚህ ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው፤ ሕንጻቸው በግራኝ ጦርነት ጠፋ። በ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ሲቀበሉ ቦታውን መልሰው የገነቡት ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ማኅበር አባሉ) አባ ብሩኖ ብሩኒ ጣሊያናዊ ነበሩ። «የቅኝ ግዛት ሕንጻ» ማለትማ ፈጽሞ አይሆንም። ሚሲዮናውያኑ የቆዩት በንጉሡ ፈቃድ ነው፤ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለፋሲል ሲለቁ የእነሱም ነገር አበቃ።

ትልቁ ለውጥ ኖራ ነው። በ1620ዎቹ መጀመሪያ ከሕንድ በመጣ ባለሙያ አማካይነት የኖራ ድንጋይ ከታወቀ በኋላ፣ ግንበኛው ጥርብ ድንጋይን ከቅስት ጋር አዋህዶ መሥራት ቻለ። ከጢስ ዓባይ በታች ያለው የአላታ ድልድይ የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

የኖራ ድንጋዩ 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ንጹህ ከሆነ ከ100 ኪሎው 56 ኪሎ ይቀራል። ከዚያ ውሃ ሲነካው እየፈላ ይፈረፈራል። ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ ታጥቦ ከተነፋ ሻካራ አሸዋ ጋር ይለወሳል። የሚጠነክረው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር መልሶ እየወሰደ ነው፤ ስለዚህ ወራት ይፈጃል።

እንዲህ ያለ ግንብ ሲጠገን የሚያበላሸው ሲሚንቶ ነው። ክረምት ግድግዳው የጠጣው ውሃ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ በኩል መተንፈስ አለበት፤ ሲሚንቶ ሲዘጋበት በድንጋዩ ፊት ይወጣል። ያኔ የተቀረጹት አበቦች እየተላጡ ይረግፋሉ፤ የተላጠ ቅርጽ ደግሞ አይመለስም። ይህ በጣም ያሳዝናል።

መጀመሪያ የግድግዳው አናት ይደፈን፤ ውሃው የሚገባው ከላይ ነው። የበቀለ ዛፍ አይነቀል፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ግንዱ ተቆርጦ ሥሩ ሲደርቅ ክፍተቱ ይሞላ። መገጣጠሚያው የስፋቱን እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ በእጅ መሣሪያ ተቆፍሮ ይጸዳና ኖራው ከመግባቱ በፊት ይረጥባል። ደረቅ ድንጋይ ውሃውን መጦ ኖራውን ዱቄት ያደርገዋል። ሥራው የሚመቸው ክረምቱ ሲወጣ ነው። የበጋው ፀሐይና ነፋስ እንዳይሰነጥቀው አዲሱ ኖራ ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ጆንያውም በደረቀ ቁጥር እንደገና ይርጠብ።