ጣናን ዳር ዳሩን በእግር ስሄድ ውሃና ማደሪያ ያገኘሁት እንዴት ነው?

ከባሕር ዳር ተነስቶ በዘጌና በቁንዝላ በኩል ወደ ጎርጎራ በእግር መሄድ የሚፈልግ ሰው ሲያገኘኝ ስለ ጫማና ስለ ድንኳን ይጠይቀኛል። ስለ ውሃ የሚጠይቀኝ ግን የለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ በቀኙ ተኝቶ እያየ፣ ውሃ ይቸግረኛል ብሎ ማን ያስባል? እኔን ግን መንገድ ላይ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ውሃ ነው። የት እንደማድር እንኳ የሚወሰነው በእሱ ነበር።

ሐይቁን የማልጠጣበት ምክንያት አለኝ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ ሣርና ደንገል ያለበትን፣ የተኛ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወዳል። በሽታው የሚገባው በመጠጣት ብቻ አይደለም፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ሱሪ ሰብስቦ እስከ ጉልበት ገብቶ ጀሪካን መሙላት ራሱ አደጋ ነው። ሌላም አለ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ነገር ተንሳፎ ካየሁ ለምንም አልጠቀምበትም። አንዳንዱ መርዝ አለው፤ መርዙን ደግሞ ማፍላት አያጠፋውም።

ታዲያ ከየት ይቀዳል? ኢንተርኔት ባይኖርም የሚሠራ ካርታ ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር። ካርታው በሰማያዊ መስመር የሚያሳየው ወንዝ ሁሉ ግን በበጋ ውሃ አለው ማለት አይደለም። ከካርታው ይልቅ የጠቀመኝ የአጠያየቅ ዘዴ ነው። «ውሃ አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሰው ሐይቁን ያሳያችኋል፤ እውነቱን ነው። እኔ የምጠይቀው «እናቴ፣ እናንተ የምትጠጡትን ከየት ነው የምትቀዱት?» ብዬ ነው። ያኔ መልሱ ይለወጣል። «አይ ልጄ፣ ለመጠጥ እንኳ ከላይ ከምንጩ ነው» ይሉኛል። ቀጥዬ በበጋ ይደርቅ እንደሆነ፣ ከብት የሚጠጣውም ከዚያው ይሁን አይሁን እጠይቃለሁ። «ቅርብ ነው» የሚለውን መልስ ብቻ ይዛችሁ አትነሱ። እዚያ ቀድቶ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠይቁ።

ከሁሉም የምመርጠው የእጅ ፓምፕ ወይም የጎለበተ፣ ማለትም እንዳይቆሽሽ ተገንብቶ የተከለለ ምንጭ ነው። እዚህ ላይ ሰዓት ማወቅ ግድ ነው። ብዙ ቦታ ፓምፑ ታጥሮ ይቆለፋል። የውሃ ኮሚቴ አለው፤ ጠባቂም አለው። የሚከፈተው ጠዋትና ወደ ማታ ነው። በቀትር የደረሰ መንገደኛ የሚያገኘው የተቆለፈ በር ብቻ ነው። ስለዚህ የቀኑን ጉዞ የምከፍለው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በፓምፑ ሰዓት ሆነ። ወረፋውን እጠብቃለሁ፤ የሚከፈል ካለም እንደ ሰፈሩ ሰው እከፍላለሁ። ሴቶቹ እንግዳ ነው ብለው ሊያስቀድሙኝ ሲሉ ደግሞ ከእነሱ አንዷን ጀሪካን ማሸከም ደስ ይለኛል።

የቀዳሁትን ሁሉ አክማለሁ። ደፍረስ ያለ ከሆነ መጀመሪያ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጠልለዋለሁ። ከዚያ አፈላለሁ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቢሆንም ከተንተከተከ ይበቃዋል። ማገዶ ወይም ጋዝ ለመቆጠብ ስፈልግ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ እጨምራለሁ፤ መጠኑን ዕቃው ላይ እንደተጻፈው፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። በደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን ስለሚደክም ማጥለሉን አልዘልም። ለእራት፣ ለቁርስና ለማግስቱ ጠዋት አምስት ሊትር ያህል ይዤ ከውሃው እርቃለሁ።

አዎ፣ እርቃለሁ። ውሃ አጠገብ ማደር ያምራል፤ ጣና ዳር ግን አይሆንም። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ በለመደው መንገድም ይመለሳል። በደንገሉ መካከል የተረገጠ ሰፊ መተላለፊያ ካየሁ፣ ወይም እበቱ ተበትኖ ካገኘሁ፣ ያንን አካባቢ ጨርሶ እተወዋለሁ። ሐይቁ ሲጎድል የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬትም ለጥ ያለና የሚጋብዝ ነው። ግን የሰው ማሳ ነው፣ ትንኝ ይፈላበታል። ዋልካው ሲረጥብ የድንኳን ካስማ አይዝም። ምንጮች ጥሩ ውሃ የሚኖራቸው ክረምቱ እንደወጣ ነው፤ ያ ወቅት ደግሞ ወባ የሚበረታበት ነው። አጎበር የሌለው ድንኳን ይዞ የሚሄድን ሰው አጥብቄ እከለክላለሁ።

ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ማደሪያ ሳልጠይቅ አንድ እርምጃ አልሄድም። ሳይመሽ የጠየቀ እንግዳ ነው፤ ከመሸ በኋላ በጓሮ የተገኘ ግን ማንም ቢሆን ያስፈራል። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» እላለሁ፣ ድንኳን እንዳለኝም እናገራለሁ። «ቤት የእግዜር ነው፣ ምን ውጭ አስተኛህ!» ይሉኛል። ጓሮው እንደሚበቃኝ ለማስረዳት የሚፈጀው ጊዜ ከመንገዱ የማይረሳኝ ነው። መታወቂያዬን አሳይቼ ለቀበሌው ሊቀ መንበር እንዲነገርልኝ እጠይቃለሁ። ውሻም ይታሰርልኛል። ዛሬ የሚነሳ ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም ያጣራ፤ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋርም ይሂድ።

ዘጌ ትንሽ ይለያል። በገዳማቱ ሥርዓት በበሬ ማረስ ስለማይፈቀድ ባሕረ ገብ መሬቱ በቡናና በትልልቅ ዛፎች እንደተሸፈነ ቆይቷል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዘጌን ያየ ሰው ደን ማቆየት ምን እንደሆነ ይገባዋል። እዚያ ባገኘሁት ሜዳ ላይ ድንኳን አልተክልም። ቄሰ ገበዙን ወይም አንድ አባት እጠይቃለሁ፣ ካሳዩኝ ቦታ አልወጣም፣ ከዛፍ ሥር እሳት አላነድም። በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ምንጭ ካየሁ ሳልጠይቅ አልቀዳም፤ ጠበል ሊሆን ይችላል። ላሳደረኝ ቤት የምይዘው ቡናና ስኳር ነው፤ ዘጌ ላይ ግን ቡናው ከእነሱ ስለሆነ ስኳሩን በእጥፍ አደርገዋለሁ።